«ባሪ» የት ነው? ምንስ ማለት ነው? የቦታ ስም መፈለጊያ አገልግሎቶች ሲመዘኑ

አንድ የቦታ ስም በብዙ አገርና በብዙ ቋንቋ ሲገኝ ፈላጊው ሁለት ጥያቄዎች ይነሡበታል፤ አንደኛው «የትኛው ነው?» ሁለተኛው ደግሞ «ምን ማለት ነው?» የሚል ነው። በኢንተርኔት ያለ ክፍያ የሚገኙት የቦታ ስም መፈለጊያዎች የመጀመሪያውን ጥያቄ በሚያስመሰግን ሁኔታ ይመልሳሉ፤ በሁለተኛው ላይ ግን አብዛኞቹ ዝም ይላሉ። ይህ ዝምታ ጉዳት የሌለው አይደለም፤ ፊደላቸው የተመሳሰለ ስሞችን ጎን ለጎን መደርደር ብቻውን፣ ስሞቹ ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ናቸው የሚል ግምት በአንባቢው ላይ ያሳድራልና። በዚህ ጽሑፍ በዋናነት የምመዝነው ጂኦኔምስ የተባለውን የቦታ ስሞች ቋት ሲሆን፣ የኢንተርኔት መዝገበ ቃላት የሆነውን ዊክሽነሪን፣ የዊኪፒዲያን የተመሳሳይ ስሞች መለያ ገጾች፣ የመረጃ ቋት የሆነውን ዊኪዳታንና የካርታ አገልግሎት የሆነውን ኦፕንስትሪትማፕን ለንጽጽር እጠቅሳለሁ። መመዘኛ ያደረግሁት «ባሪ» የሚለውን ስም ነው።

ትክክለኛውን መልስ አስቀድሞ ያልያዘ ሰው ፈላጊውን መመዘን ስለማይችል፣ በመጀመሪያ ስሙን ራሱን መመልከት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የሚያውቃት ባሪ በደቡብ ምሥራቅ ኢጣሊያ፣ በአድሪያቲክ ባሕር ዳርቻ የምትገኘው የፑልያ ክልል ዋና ከተማ ናት። በላቲን ባሪዩም፣ በግሪክ ባሪዮን ትባል ነበር፤ ስሟም ከሮማውያን ዘመን በፊት የነበረ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ847 እስከ 871 የሙስሊም አሚሮች መቀመጫ ሆና ቆይታለች፤ ኋላም የቢዛንታይን ግዛት የጣሊያን ይዞታ ማዕከል ሆና ሳለ በ1071 በኖርማኖች እጅ ወደቀች። በ1087 የቅዱስ ኒቆላዎስ አፅም ከትንሿ እስያ ከተማ ከሜራ ወደዚያ ከተወሰደ ወዲህ ደግሞ ከምሥራቅም ከምዕራብም የሚመጡ ክርስቲያኖች የሚሳለሙባት ከተማ ሆናለች።

የዚህች ከተማ ስም ባሕር ተሻግሮ ዘር አፍርቷል። ከአድሪያቲክ ማዶ፣ በሞንቴኔግሮ የባሕር ዳርቻ፣ ባር የምትባል የወደብ ከተማ አለች፤ ኢጣሊያውያን አንቲቫሪ፣ አልባኒያውያን ቲቫር ይሏታል። አንቲቫሪ የሚለው ስም «ከባሪ ትይዩ ያለች» ተብሎ ይፈታል፤ ካርታ የተመለከተ ሰውም አፈታቱን አይቃወምም፤ ሁለቱ ከተሞች በባሕሩ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት የተቀመጡ ናቸውና። ሁለተኛዋ ዘመድ ይበልጥ ሩቅ ናት፤ በዩክሬን ቪኒትሲያ አውራጃ ውስጥ የምትገኘው ባር። ይህች ከተማ ቀድሞ ሩቭ ትባል ነበር። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የፖላንድ ንግሥት የነበረችው ቦና ስፎርዛ ስፍራውን በእጇ ካስገባች በኋላ፣ እርሷው ራሷ መስፍንነቱን በያዘችው በኢጣሊያዊቷ ባሪ ስም ሰየመችው። ንግሥቲቱ በ1557 ያረፈችው በዚያችው በባሪ ነው፤ መቃብሯም በቅዱስ ኒቆላዎስ ባሲሊካ ውስጥ ይገኛል። ዩክሬናዊቷ ባር በበኩሏ በ1768 የፖላንድ መኳንንት የመሠረቱት የባር ኮንፌዴሬሽን መነሻ በመሆን በታሪክ መጻሕፍት ስሟ ገብቷል። እንግዲህ ባሪ፣ አንቲቫሪና ሁለቱ ባሮች ፊደላቸው ሙሉ በሙሉ ባይገጥምም የአንድ ስም ቤተሰብ ናቸው። በአንጻሩ በምሥራቅ ፈረንሳይ የምትገኘው ባር ለ ዱክ ከእነዚህ ጋር ፊደል ብትጋራም ዘር አትጋራም፤ የእርሷ «ባር» ከፍታን ወይም ጫፍን ከሚያመለክት የኬልቶች ቃል የመጣ ነው።

ወደ አፍሪካ ቀንድ ስንመጣ ነገሩ ፈጽሞ ይለወጣል። በሶማሊያ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ ባሪ የሚባል ክልል አለ፤ ዋና ከተማው ቦሳሶ ነው፤ የአፍሪካ ዋና ምድር የመጨረሻ ምሥራቃዊ ነጥብ የሆነው ራስ ሃፉንም በዚሁ ክልል ውስጥ ይገኛል። በሶማልኛ «ባሪ» ማለት ምሥራቅ ነው፤ ስሙ የአቅጣጫ ስም እንጂ የሌላ ከተማ ትውስታ አይደለም፤ በሰሜን ምዕራብ የሚገኘው የዎቆዪ ገልቤድ ክልልም በዚሁ ልማድ በአቅጣጫው ተሰይሟል። ቃሉ በዕለት ተዕለት ንግግርም ሕያው ነው። ጎሕ መቅደድን፣ ሌሊቱን አሳልፎ ለንጋት መድረስንም ስለሚገልጽ፣ ሶማሊዎች ጠዋት ሲገናኙ «ነባድ ማ ኩ ባሪደይ?» ይባባላሉ፤ በሰላም አደርክ ወይ እንደማለት ነው። «እንዴት አደርክ» ብሎ ለሚያድግ አማርኛ ተናጋሪ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ የሚያሻው አይመስለኝም። ፀሐይ የምትወጣበት አቅጣጫና የሚነጋበት ሰዓት በአንድ ቃል መጠራታቸው ለክልሉ ስም ከማንኛውም መዝገበ ቃላት የተሻለ ፍቺ ነው።

በደቡብ ሱዳን ደግሞ ባሪ የሕዝብና የቋንቋ ስም ነው። የባሪ ሕዝብ በነጭ ዓባይ ዳርና ዳር፣ በጁባና በአካባቢዋ የሚኖር ሲሆን ቋንቋው ከማሳይና ከቱርካና ቋንቋዎች ጋር በምሥራቅ ናይሎቲክ ቤተሰብ ይመደባል። በኮሎምቢያና በቬኔዙዌላ ድንበር የሚኖርም ባሪ የተባለ ነባር ሕዝብ አለ፤ ከአፍሪካው ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። በሕንድ ራጃስታን፣ በዶልፑር ወረዳ፣ ባሪ የምትባል ከተማ ትገኛለች። በባንግላዴሽ «ባሪ» የቦታ ስሞች መድረሻ ሆኖ በብዛት ይመጣል፤ በቤንጋሊ ቤት ማለት ነውና ራጅባሪ የንጉሥ ቤት፣ ፉልባሪ የአበባ ቤት እንደማለት ነው። በሰርዲኒያ ምሥራቃዊ ዳርቻ የምትገኘው ባሪ ሳርዶም አለች፤ «ሳርዶ» የሚለው ቅጥያ የታከለላት ከፑልያዋ እንድትለይ ነው፤ የአገሬው ሰው ግን ሁለተኛውን ክፍለ ቃል አጥብቆ «ባሪ́» ብሎ ይጠራታል። 

አገልግሎቶቹን የምመዝነው ይህን ሁሉ ይዤ ነው። ጂኦኔምስ ከ11 ሚሊዮን በላይ ቦታዎችን የያዘ፣ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ሊፈልግበት፣ ከፈለገም ሙሉውን ቋት አውርዶ ሊጠቀምበት የሚችል አገልግሎት ነው። የመፈለጊያ ገጹ ጌጥ የለውም፤ ስም የሚጻፍበት ሣጥን፣ አገር የሚመረጥበት ዝርዝርና ቁልፍ ነው ያለው። ውጤቱም በሠንጠረዥ ይቀርባል፤ ስሙ፣ አገሩ፣ የቦታው ዓይነት፣ ኬክሮሱና ኬንትሮሱ በየዓምዳቸው ይታያሉ፤ ከስሙ ሥር ደግሞ ቦታው በሌሎች ቋንቋዎች የሚጠራባቸው ስሞች በደቃቅ ፊደል ይደረደራሉ። ካርታው ላይ እየጠቆመ የሚያብረቀርቅ ገጽ የለመደ ሰው ይህን እንደ ድህነት ሊቆጥረው ይችላል። ለእኔ ግን ዋና ውበቱ እዚህ ላይ ነው፤ በአንድ እይታ ሃያ ሠላሳ ተመሳሳይ ስሞችን ማመሳከር የሚቻለው በሠንጠረዥ እንጂ በካርታ አይደለምና።

ከዓምዶቹ ሁሉ የሚበልጠው የቦታውን ዓይነት የሚናገረው ነው። ቋቱ ቦታዎችን በ9 ታላላቅ ክፍሎች፣ እነዚህንም ከ600 በላይ በሆኑ ንዑሳን መለያዎች ይከፋፍላቸዋል፤ የአስተዳደር ክልል፣ ሰው የሰፈረበት ቦታ፣ የውኃ አካል፣ ተራራ እያለ እስከ ጉድጓድና ድልድይ ድረስ ይወርዳል። በዚህ አሠራር የኢጣሊያዋ ባሪ አንድ ጊዜ እንደ ከተማ፣ ሌላ ጊዜ እንደ ማዘጋጃ ቤት ክልል፣ ሦስተኛ ጊዜ ከበላዩ ባለው የአስተዳደር እርከን ተመዝግባ ትገኛለች፤ የሶማሊያው ባሪ ደግሞ ኤዲኤም1 በሚባለው፣ የአንደኛ ደረጃ አስተዳደር ክልልን በሚያመለክተው መለያ ይቀመጣል። ለጀማሪ ድግግሞሽ ይመስላል እንጂ ትልቅ ጥቅም አለው። አንድ የዜና አርታኢ «በባሪ ጎርፍ ጉዳት አደረሰ» የሚል ጥሬ ዜና ቢደርሰውና ጉዳዩ የሶማሊያ ቢሆን፣ ባሪ ከተማ ሳይሆን ሰፊ ክልል መሆኑን፣ ስለዚህም «በባሪ ከተማ» ብሎ መጻፍ ስሕተት እንደሚሆን ከዚህ ዓምድ ይረዳል። ይህን ያህል ግልጽ የሆነ መለያ በሌሎቹ አገልግሎቶች ላይ በቀላሉ አይገኝም።

የስሞቹ አያያዝም የታሰበበት ነው። ለእያንዳንዱ ቦታ የሚመዘገቡት ተለዋጭ ስሞች የቋንቋ መለያ ይሰጣቸዋል፤ የትኛው ተመራጭ፣ የትኛው አጭር፣ የትኛው የመንደር አነጋገር፣ የትኛው ደግሞ ያለፈ ዘመን ስም እንደሆነ ምልክት ሊደረግበት ይችላል። ሩቭ ለዩክሬኗ ባር፣ ባሪዩም ለኢጣሊያዋ ባሪ የቀድሞ ስሞች ናቸው ተብለው የሚያዙበት ቦታ ተበጅቷል ማለት ነው። ቋቱ ለቦታዎች ብቻ የተሠራ በመሆኑም ከንቱ ውጤት አያበዛም። በጠቅላላ መፈለጊያ ላይ «ባሪዩም» ብሎ የሚጽፍ ሰው፣ ሀምፍሪ ዴቪ በ1808 ለይቶ ያወጣው ንጥረ ነገር ገጾች ይጥለቀለቁበታል፤ የንጥረ ነገሩ ስም ደግሞ «ከባድ» ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ እንጂ ከከተማዋ ጋር የሚያያዝ አይደለም።

ጉድለቱ የሚጀምረው ከዚሁ ጥንካሬው ነው። ቦታ ያልሆነ ነገር ስለማይመዘግብ የደቡብ ሱዳኑ የባሪ ሕዝብ በሕዝብነቱ እዚያ የለም፤ ለአፍሪካ ቀንድና ለናይል ሸለቆ አንባቢ ግን ስሙ በመጀመሪያ የሚያስታውሰው ይህን ሕዝብ ሊሆን ይችላል። ከዚህ የሚብሰው ግን ቋቱ የስሙን አመጣጥ ወይም ፍቺ የሚጻፍበት ዓምድ የሌለው መሆኑ ነው። ለአንድ ቦታ የሕዝቡ ብዛት፣ ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታ፣ የሰዓት ቀጠናው ሳይቀር ቦታ ተሰጥቷቸው፣ «ለምን እንዲህ ተባለ» የሚለው መዘለሉ የቋቱ ዓላማ ሌላ ከመሆኑ የመጣ ነው፤ ቢሆንም ተጠቃሚው ሊያውቀው ይገባል። ውጤቱም እንዲህ ነው፦ «ባሪ» ብሎ የጠየቀ ሰው ምንም የማይገናኙትን የሶማሊያውን፣ የሕንዱንና የኢጣሊያውን ስም ተከታትለው ያገኛቸዋል፤ እውነተኛ ዘመዶች የሆኑትን የሞንቴኔግሮና የዩክሬን ባሮች ግን ጠይቆ ካልሄደ በስተቀር ማንም ከባሪ ጋር አያስተዋውቀውም። ፊደልን ተከትሎ የሚፈልግ አገልግሎት እንግዳን እየሰበሰበ ዘመድን ይበትናል።

ለፍቺ ከሄድን ዊክሽነሪ ከሁሉም ይሻላል፤ ምክንያቱም መሠረቱ ቦታ ሳይሆን ቋንቋ ነው። በአንድ ፊደል የተጻፈ ቃል በአንድ ገጽ ላይ ይቀመጥና እያንዳንዱ ቋንቋ የራሱ አርእስት ይሰጠዋል፤ በየአርእስቱ ሥር አነባበቡ፣ አመጣጡና ትርጉሙ ለየብቻ ይገባሉ። የኢጣሊያንኛ ስምና የሶማልኛ ቃል በምንም መንገድ ሊቀላቀሉ አይችሉም። ሌላም ብዙ ሰው ልብ የማይለው በጎነት አለው። ቤንጋሊ የሚመዘገበው በራሱ ፊደል ስለሆነ ቤት ማለት የሆነው «ባሪ» በሌላ ገጽ ላይ ነው የሚገኘው፤ ተነባቢውም ምላስን ወደ ላንቃ አጥፎ የሚነገር፣ ከኢጣሊያው «ር» የተለየ ድምፅ ነው። ሁለቱን ያመሳሰላቸው የላቲን ፊደል እንጂ ቋንቋ አይደለም፤ ዊክሽነሪም መመሳሰሉን ከሥሩ ያፈርሰዋል። አጠቃቀሙ ላይ ግን የፊደላችን ልማድ የሚያሳስት አንድ ነገር አለ፤ በዚህ መዝገበ ቃላት በትልቁ የላቲን ፊደል የሚጀምረው ባሪና በትንሹ የሚጀምረው ባሪ ሁለት የተለያዩ ገጾች ናቸው። የቦታ ስሞች በመጀመሪያው፣ ምሥራቅን የመሰሉ ተራ ቃላት በሁለተኛው ይፈለጋሉ። በግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለ፣ አንዱን ገጽ ብቻ ከፍቶ «ፍቺው የለም» ብሎ መመለስ ቀላል ነው። የአፍሪካ ቋንቋዎች ሽፋን ከአውሮፓዎቹ ጋር የማይተካከል መሆኑንም ሳልጠቅስ አላልፍም፤ ሥራው የበጎ ፈቃደኞች ነውና ጸሐፊ ባለው ልክ ነው የሚሞላው።

የዊኪፒዲያ የተመሳሳይ ስሞች መለያ ገጽ ጂኦኔምስ የሚተወውን ሕዝብና ቋንቋ ይሞላል፤ ቦታውን፣ ሕዝቡን፣ ቋንቋውን፣ በዚያ ስም የሚጠሩ ሰዎችን በአንድ በአንድ መስመር ይዘረዝራል። ሆኖም የአርትዖት መመሪያው ራሱ እነዚህ ገጾች የቃል ፍቺና የስም አመጣጥ ማስተማሪያ እንዳይሆኑ ስለሚከለክል፣ ከእነርሱ ከመንገድ ጠቋሚነት ያለፈ ነገር መጠበቅ አይገባም። ኦፕንስትሪትማፕ ለአንድ ቦታ በየቋንቋው ስም የሚጻፍበት፣ የስሙንም ምንጭ የሚጠቁም መለያ አለው፤ ይሁንና የመፈለጊያው ቅደም ተከተል ከዊኪፒዲያ በሚገኝ የታዋቂነት መጠን ጭምር ስለሚወሰን፣ የአገር ስም ሳይጨምር «ባሪ» የሚል ሰው ፊት የኢጣሊያዋ ከተማ ቀድማ ብትቀመጥ የሚያስገርም አይሆንም።

ዊኪዳታን ለየት አድርጌ የማየው አለምክንያት አይደለም። በ2012 የተጀመረው ይህ ቋት በሁለት ነገሮች መካከል ያለን ግንኙነት ራሱን እንደ መረጃ ይመዘግባል። «በእገሌ ስም ተሰየመ» የሚል አንድ የግንኙነት ዓይነት አለው፤ በዚህ ዩክሬናዊቷን ባር ከኢጣሊያዋ ባሪ ጋር በቀጥታ ማሰር ይቻላል። «ከዚህኛው የተለየ ነው» የሚልም አለው፤ ይህ ደግሞ የሚምታቱ ስሞችን አትቀላቅል ብሎ የሚያስጠነቅቅ ነው። ዘመድንም እንግዳንም በይፋ መናገር የሚችል መዋቅር ያለው እርሱ ብቻ ነው። ገጹ ግን ለተራ አንባቢ የተሠራ አይደለም፤ በመለያ ቁጥርና በአጫጭር ሐረጎች የተሞላ ስለሆነ መረጃውን ፈልጎ ለማውጣት ትዕግሥት ይጠይቃል።

ለአማርኛ ተጠቃሚ የሚቀረው ትልቁ ችግር የራሳችን አጻጻፍ ነው። ጂኦኔምስ ላይ በግዕዝ ፊደል «ባሪ» ተብሎ የሚፈለገው ነገር የሚገኘው አንድ ሰው አስቀድሞ ለዚያ ቦታ አማርኛ ስም መዝግቦ ከሆነ ነው፤ በአማርኛ የተመዘገቡት ስሞች ደግሞ በላቲን ፊደል ካሉት ጋር ሲነጻጸሩ እጅግ ጥቂት ናቸው። ስለዚህ በተግባር መፈለግ የሚገባው በላቲን ፊደል ነው፤ የተመዘገበ ተጠቃሚ የጎደለውን አማርኛ ስም ራሱ መጨመር መቻሉ ግን ያስመሰግነዋል። ያገኘውን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰውም፣ ፊደላችን መጥበቅና መላላትን፣ የቤንጋሊን የታጠፈ «ር»፣ የሰርዲኒያዋን የመጨረሻ ክፍለ ቃል ጥብቀት እንደማያሳይ ማወቅ ይኖርበታል፤ ሁሉም «ባሪ» ሆነው ያርፋሉ። መፍትሔው በመጀመሪያ ሲጠቀስ «የሶማሊያው ባሪ ክልል»፣ «የፑልያዋ ባሪ» እያሉ ማጀብ ነው። ይህ ጥንቃቄ ለባሪ ብቻ አይደለም፤ በአማርኛ «ጁባ» ተብሎ የሚጻፈው የደቡብ ሱዳን ዋና ከተማም ነው፤ ገናሌና ዳዋ ዶሎ ላይ ተገናኝተው የሚሠሩት፣ ወደ ሶማሊያ የሚወርደው ወንዝም ነው። የጂኦኔምስ የዓይነት ዓምድ አንዱን ከሰፈራ፣ ሌላውን ከውኃ አካል መድቦ በአንድ አፍታ ይለያቸዋል።

ለዕለታዊ ሥራ ከአንዱ ብቻ ምረጥ ብባል ጂኦኔምስን እመርጣለሁ፤ ጥያቄው የፍቺ ከሆነ ግን እርሱን ሳልከፍት በቀጥታ ወደ ዊክሽነሪ እሄዳለሁ። መረጃውን ወስደው በራሳቸው ሥራ ላይ ለሚያትሙ ደግሞ ፈቃዶቹ አንድ ዓይነት አለመሆናቸውን ማወቅ ይበጃል። ጂኦኔምስ ምንጩን እስከጠቀሱ ድረስ ለንግድ ሥራም ጭምር ይፈቅዳል። ዊኪዳታ ያለ ምንም ግዴታ የተለቀቀ ነው። ዊክሽነሪና ዊኪፒዲያ ምንጭ ከመጥቀስ በተጨማሪ ከጽሑፋቸው ተሻሽሎ የወጣው ሥራ በዚያው ዓይነት ፈቃድ እንዲወጣ ይጠይቃሉ፤ ኦፕንስትሪትማፕም ከመረጃው በተሠራ ቋት ላይ ተመሳሳይ ግዴታ ያኖራል፤ ስለዚህ የዊክሽነሪን ወይም የዊኪፒዲያን ጽሑፍ ከኦፕንስትሪትማፕ መረጃ ጋር አዋሕዶ አዲስ የስሞች መዝገብ ለማዘጋጀት ያሰበ ሰው የፈቃድ ጽሑፎቹን ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ቢያነብ ይሻለዋል።